ማስተካከያ፦ የሎተሪ ዕድለኞችና በአደጋ የተጎዱ ሰዎች ደስታ

ስለ አካል ጉዳትና መልካም ሕይወት ባወጣነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በአደጋ እግራቸው ወይም እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች የሎተሪ ዕድለኞችን ያህል ደስተኛ መሆናቸውን አሳይቷል ብለን ነበር። ስህተት ነው።

በታተመው ጥናት፣ ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ የወቅቱ ደስታ አማካይ ለ22ቱ ዕድለኞች 4.00፣ ለማነጻጸሪያ ለተመረጡት 22 ሰዎች 3.82፣ ለ29ኙ ተጎጂዎች ደግሞ 2.96 ነው። የተጎጂዎቹ በግልጽ ያንሳል፤ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ ግን ከመለኪያው አጋማሽ በላይ ነው። የተቀራረበው ከዕለት ተዕለት ነገሮች የሚገኘው ደስታ ነው፦ ዕድለኞች 3.33፣ ተጎጂዎች 3.48።

ሁሉም የተጠየቁት አንዴ ብቻ ነው፤ ተጎጂዎቹም አደጋው በደረሰባቸው በዓመት ውስጥ፣ በማገገሚያ ተቋም እያሉ። ስለዚህ ጥናቱ «ሰው ሁሉንም ይለምዳል» የሚለውን አያረጋግጥም፤ የጉዳቱን ድርሻም ከሕመሙና ከድንጋጤው አይለይም።

«አካል ጉዳት ልዩነት እንጂ መጥፎ ዕጣ አይደለም» ለሚለው አቋም ይህን ጥናት በማስረጃነት መጥቀሳችንን ሰርዘናል። አቋሙ ሌሎች መከራከሪያዎች ስላሉት፣ በዚህ ብቻ አይወድቅም።