የጋሼን ፎቶ መልሱልኝ

ዛሬ ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ ላወጣው ነው። ይረዝማል፤ ጊዜ ያለው ያንብብልኝ።

ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ስልኬን ስከፍት የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ መልእክት ልካልኛለች። «እኚህን አባት እንርዳቸው፣ ለ10 ሰው ሳታስተላልፉ እንዳታልፉ» ይላል። ፎቶውን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ፎቶው የኔ ነው። እኔው ራሴ ያነሳሁት ነው። ሰውየው እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፤ ሠርተው የሚያድሩ፣ የሰው እጅ አይተው የማያውቁ፣ ልጆቻቸውን በመወርወሪያ ያሳደጉ ሰው። ጽሑፉ ግን ኩላሊታቸው ሥራ እንዳቆመ፣ ጧሪ እንደሌላቸው፣ ጎዳና ላይ እንደወደቁ ይተርካል። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ይሄ ሦስተኛ ጊዜ ነው! በየጊዜው ቁጥሩ ይቀየራል፣ በሽታውም ይቀየራል፤ የማይቀየረው የጋሼ ፊት ብቻ ነው።

አንጀቴ አርሯል። «ምን ታካብጃለሽ፣ ፎቶ አይደል እንዴ» ያለኝ ሰው ስላለ ደግሞ ያ ፎቶ ከየት እንደመጣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኔ ባለሙያ ፎቶግራፈር አይደለሁም። ቀን ቀን ሒሳብ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ካሜራዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሞዴል። አዲስ መግዛት ስለማልችል ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ እሱንም ዕቁብ ሲደርሰኝ። ያገለገለ ካሜራ የገዛ ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል። የዚህ ሞዴል ሹተር (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ወደ 100,000 ጊዜ እንዲያነሳ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እጄ የገባው ስንት አንስቶ እንደመጣ ግን ማንን ልጠይቅ? ሻጩ «እህቴ፣ ብዙም አልተሠራበትም» አለኝ፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ዋስትና የለ፣ ቢበላሽ መለዋወጫ የለ።

አብሮት የመጣው 18-55 የሚባለው፣ እየተሳበ የሚያቀርብና የሚያርቅ ሌንስ አንድ ክረምት ነው የቆየልኝ። በቆዳ ቦርሳው ከትቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ለመስቀል ላወጣው ስል መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። ጠጋኙ ፈትቶ ጠረገልኝ፤ የመስታወቱ ሽፋን ግን ተበልቶ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ወደ ብርሃን ባዞርኩት ቁጥር ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ቆዳ እርጥበት እንደሚይዝ፣ ጨለማና እርጥበት ለሻጋታ ሠርግና ምላሹ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ካሜራ ያላችሁ ይህችን እንኳ ያዙልኝ፦ ክረምት ሲገባ ሌንሳችሁን በደንብ በሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከምታገኟቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ከዚያ 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ መጣ፤ ኤፍ 1.8 የሚባለው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ የሚከፈትበት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ገንዘቡን በ6 ወር ከፍዬ ጨረስኩ። ለምን እንደጓጓሁለት ልንገራችሁ። ያኛው ሌንስ እስከ ጫፉ ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ይሄኛው 1.8 ድረስ ይከፈታል፤ ስታሰሉት ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አንዲት ትንሽ መስኮት ባላት የጭቃ ቤት ውስጥ ሆኖ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ ማለት ወይ ታነሳለህ ወይ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ ማለት ነው።

  

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ካሜራዬን ከቦርሳ ሳላወጣ ነው የሄድኩት። ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አያለሁ፣ ቡና ሲፈላ አብሬ እጠጣለሁ፣ ነጠላም ገዝቻለሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ የጎረምሳነታቸውን ፎቶ ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ጥቁርና ነጭ ናት፤ ኮት ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ወንበር ላይ አድርገው ቆመዋል። ገለበጧት። ጀርባዋ ላይ የፎቶ ቤቱ ክብ ማኅተም አለ፣ ፒያሳ የነበረ ፎቶ ቤት ነው፣ «1964 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍም በእጅ ተጽፎበታል። ፎቶ ቤቱ ዛሬ የለም። ማኅተሙ ግን አለ፤ ማን እንዳነሳት፣ መቼ እንደተነሳች ከ50 ዓመት በኋላም ትናገራለች። የእናትና የአባቶቻችሁን ፎቶዎች ገልብጣችሁ እዩ፤ «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ፣ የሰጪና የተቀባይ ስም፣ ቀን ታገኛላችሁ። ያኔ ፎቶ ያለ ባለቤት ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ «ጋሼ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «አንሺ ልጄ፤ ብቻ እንዳታዋርጂኝ» አሉኝ።

ይህን ቃል ያዙልኝ።

እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አውርደው መርገጫውን ይረግጣሉ። ድሩ ከፊታቸው ተወጥሯል፤ መወርወሪያዋ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትበራለች። ከመስኮቷ የምትገባው ብርሃን ነጩ ድር ላይ ታርፍና ከሥር ወደ ላይ ፊታቸውን ታበራለች። ለዚህ ነበር ሦስቱን ቅዳሜ ስመላለስ የከረምኩት። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 አደረግሁ፤ ከዚያ በላይ ስወጣ ይህ ካሜራ ምስሉን አሸዋ ያስመስለዋል። ሹተሩን 1/60 ሰከንድ ላይ አቆምኩት። በዚህ ሌንስ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ፈጠን ማድረጉ ይሻል ነበር፤ ነገር ግን መወርወሪያዋ ቆማ እንድትታይ አልፈለግሁም፣ እንደ ነጭ ጭረት አልፋ እንድትሄድ፣ ፊታቸው ግን ጥርት እንዲል ነው የፈለግሁት። ክርኔን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ከ140 በላይ አነሳሁ። አንዷ ሆነች። አንዷ ብቻ! ጋሼ ዓይናቸውን ሰብሰብ፣ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ማጉን ሲከታተሉ፤ ፊታቸው ላይ የ50 ዓመት ሙያ ተጽፏል። ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ስክሪኑን ደጋግሜ እያየሁ ቤቴ ደረስኩ።

ፌስቡክ ላይ ለጠፍኳት። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ እጃቸው ላይ ያለው ጋቢ መሆኑን ሁሉ ጻፍኩ። ከታች በቀኝ ጥግ ስሜን በትንሹ አስቀመጥኩ።

ከዚያ የሆነውን ደረጃ በደረጃ ተከታትዬዋለሁ፤ እስኪ ስሙኝ። ፎቶዋ ከካሜራዬ ስትወጣ 5184 በ3456 ፒክስል ናት፤ ወደ 18 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። እኔ ለፌስቡክ ብዬ ወደ 2048 አወረድኳት፤ ይሁን፣ እሱን አውቄ ነው። አንዱ ወስዶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንደ ተራ ፎቶ ላካት፤ ረጅሙ ጎኗ 1280 ሆነ። ከ18 ሚሊዮኑ ነጥብ የቀረው 1 ሚሊዮን ብቻ ነው። ሌላው ስክሪንሾት አነሳት። ሌላው የስክሪንሾቱን ስክሪንሾት። የጋቢው ክር ጠፋ፣ ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ድፍርስርስ አለ። እዚህ ድረስ ቢሆን እኔ ችዬ ዝም እል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግን ታችኛውን ግማሽ ቆረጠው። ስሜ እዚያ ስለነበር ስሜ ሄደ። ከስሜ ጋር ድሩም ሄደ! መወርወሪያዋም፣ እጃቸውም፣ ጉድጓዱም ሄደ። የቀረው ፊታቸው ብቻ ነው። ቀለሙን አጥፍቶ ጥቁርና ነጭ አደረገው፣ አጨለመው። አሁን እዩት፤ ሥራው ላይ ያተኮረ ሰው ግንባር ሥራውን ከሥሩ ስትወስዱበት ያዘነ ሰው ግንባር ይሆናል። ማጉን የሚከተለው ዓይን ምጽዋት የሚጠብቅ ዓይን ይሆናል። አንድ ጊዜ በመቁረጥ ብቻ ሸማኔውን ለማኝ አደረጉት። ቆሽቴን የሚያበግነው ይሄ ነው። የኔን ስም ለማጥፋት ሲሉ የሰውየውን ሙያ አጠፉ።

የተቆረጠውን ፎቶ የለጠፈውን የፌስቡክ ፔጅ ለሚያስተዳድረው ሰው ጻፍኩለት። በትሕትና ነው የጻፍኩት፤ ዋናውን ፎቶም ከነድሩ ላክሁለት። «እኛም ከሌላ ቦታ ነው ያገኘነው» አለኝ። «እሺ፣ አሁን ባለቤቱን አውቀሃል፣ እባክህ አውርደው» ስለው «ይልቅ ሰው እንዲያውቅሽ ስላደረግን አመስግኚ» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ፎቶውን የለጠፈው የሁለተኛው ፔጅ ሰው መልስም አልሰጠኝ። ፌስቡክ ላይ ሪፖርት አድርጌ አንዱ ወረደልኝ፤ በማግስቱ በሌላ ፔጅ ወጣ። የቴሌግራሙን ማን ይቆጥረዋል?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል፤ ከተሠራ ጀምሮ ለ25 ዓመት። የሠሪው ስም እንዲጠቀስም መብት ይሰጣል። ከሱም በላይ የሚከነክነኝ የጋሼ መብት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም፣ ማባዛትም፣ መሸጥም እንደማይቻል ይናገራል። ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው! እኔ ያነሳኋቸው «ላንሳዎት?» ብዬ ጠይቄ ነው። ፈቃድ የሰጡት ለኔ ነው፣ ለሽመናቸው ነው። ለዚያ የሒሳብ ቁጥር ማን ፈቀደ?

«ዋተርማርክሽን (ፎቶው ላይ የምትጽፊውን ስምሽን) መሃል ላይ ለምን አትለጥፊም» የምትሉኝ አላችሁ፣ አስተያየታችሁን ባከብርም አልቀበለውም። መሃል ላይ ያለው የጋሼ ፊት ነው። ሌባ እንዳይሰርቅ ብዬ እኔው ፊታቸው ላይ ስሜን ልጽፍ?

ባለፈው የመጀመሪያው ሲሰራጭ ልጃቸው ደወለችልኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «መሥሪያ ቤት ገንዘብ አዋጥተው ሰጡኝ፤ አባትሽ እንዲህ ሆኖ ለምን ደበቅሽን አሉኝ። አባቴን ለማኝ አደረግሽው» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። እኔ አይደለሁም ብዬ ምን ብዬ ላስረዳት? ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሷ የምታውቀው እኔን ነው። ቅዳሜ ዋናውን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ጋሼ ተነስተው ተቀበሉኝ፣ አልተቆጡም። ፎቶውን ወደ መስኮቷ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት፣ ድሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነበር። እስክሪብቶ አምጥተው ሰጡኝ፤ ስሜንና ቀኑን ጻፍኩ። ስወጣ «ልጄ፣ መምጣቱን እንዳታቆሚ» አሉኝ፤ ቀጠሉና «ካሜራውን ግን ተይው» አሉኝ። እስከ ዛሬ እሄዳለሁ። ካሜራዬ ቤት ነው የሚቀረው። ጎረቤቶቻቸው የሆኑ ሁለት ሸማኔዎችም «አይ፣ እኛን አታንሺን» ብለውኛል፤ እንዴት ልፈርድባቸው?

የትናንቱ ላይ የጻፉት በሽታ የኩላሊት ነው። የሒሳብ ቁጥሩም አዲስ ነው። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነገርኳት፣ ደነገጠች፤ ለስንት ሰው እንዳስተላለፈችው ስጠይቃት «ለሁሉም» አለችኝ። ለቤተሰብ ግሩፑ፣ ለማኅበሩ፣ ለሥራ ባልደረቦቿ። ክፋት አይደለም፣ ሩኅሩኅ ልጅ ናት፤ ገንዘብም ልትልክ አስባ ነበር።

እና እለምናችኋለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ግንባራቸውን የቋጠሩ አዛውንት ናቸው፣ ከአንገታቸው በታች ተቆርጧል። ከታች ጥግ ላይ ልብ ብላችሁ ካያችሁ አንዲት ቀጭን ነጭ ክር ቀርታለች፤ ቆራጩ ያላያት የድሩ ጫፍ ናት። ይህን ፎቶ ካያችሁ አታስተላልፉት። ለላከላችሁ ሰው ጋሼ ደህና እንደሆኑ፣ ሽሮ ሜዳ ሥራቸው ላይ እንዳሉ፣ ከማንም ሳንቲም እንዳልጠየቁ ንገሩልኝ። የለጠፈውን ፔጅ ወይም ግሩፕ ካወቃችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አንድ በአንድ እጽፍላቸዋለሁ።