ለነርስ ተማሪ የመድኃኒት ስሌት ማለፊያው መቶ ከመቶ ይሁን?

በጎንደር የሚያስተምሩ አንድ የፋርማኮሎጂ መምህርና በማዋለጃ ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠሩ አንዲት ነርስ፣ «የነርስ ተማሪ በመድኃኒት ስሌት ፈተና መቶ ከመቶ ሳያመጣ ለሕመምተኛ መድኃኒት አይስጥ» በሚለው ሐሳብ ላይ በጽሑፍ ያደረጉት ክርክር ነው።

መምህሩ፦

ማለፊያው መቶ ከመቶ ይሁን የምለው ተማሪ ለማስጨነቅ አይደለም። በሌላ ትምህርት ግማሹን ያወቀ ተማሪ ቢያልፍ የቀረውን በሥራ ላይ ይማረዋል፤ በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠው የመውጫ ፈተናም ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመድኃኒት ስሌት ግን የጎደለችውን ነጥብ የሚከፍላት ሕመምተኛው ነው። ከአሥር ጥያቄ ዘጠኙን የመለሰች ተማሪ ጎበዝ ትባላለች፤ የሳተችው አሥረኛው ኢንሱሊን ቢሆንስ? በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ካለው ብልቃጥ 10 ዩኒት ስጪ ብትባል የምትቀዳው 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። የአሥርዮሽ ነጥቧን ዘንግታ አንድ ሚሊ ሊትር ከቀዳች አሥር እጥፍ ሰጠች ማለት ነው፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው ዘጠኙ ትክክለኛ መልሶች አይደርሱለትም።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው ካላዛር የተባለው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ይዟቸው የሚመለሱ ወጣቶች ጎንደር መጥተው ይታከማሉ። የካላዛር መድኃኒት የሆነው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም እየተሰላ የሚሰጥ፣ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት በመሆኑ በግምት አይቀዳም። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ባለሙያ ያሠለጥን የነበረው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቹ ተመራቂዎቻችን የሚመደቡት እዚያው ነው። ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ አጠገቧ የምትጠይቀው ሰው የላትም።

ሲስተሯ፦

መምህር፣ ስለ ስሕተቱ ክብደት የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው የፈተና ወረቀት ከዚህ ይጠብቀናል ማለትዎን ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። አንዲት ነፍሰ ጡር ደም ግፊቷ አሻቅቦ፣ አንድ ጊዜም አንቀጥቅጧት ወደ ክፍላችን ገባችና መንቀጥቀጡን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር ታዘዘላት። አብራኝ የነበረችው ተማሪ በስሌት ፈተና ሙሉ ያመጣች፣ ትጉህ ልጅ ናት። የሕመምተኛዋን ትንፋሽ ቆጥሬ ዞር ስል ትሪው ላይ የመድኃኒቱ አምፑሎች፣ አንገታቸው ተሰብሮ የሚከፈቱት ትንንሽ ብልቃጦች፣ ተደርድረዋል፤ ቆጠርኳቸው፣ ስምንት ናቸው። እያንዳንዱ አምፑል 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በላዩ የተጻፈው 50% ነው። ልጅቷ ይህን በሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ብላ አንብባዋለች። 4,000ን ለ50 አካፈለች፣ 80 ሚሊ ሊትር መጣላት፤ ማካፈሉ አንዳች ስሕተት የለበትም። 50% ማለት ግን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ግራም፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 500 ሚሊግራም ነው። የሚያስፈልጋት ከአንዱ አምፑል እንኳ 8 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር፤ በ12 ሚሊ ሊትር ውኃ አቅጥነን ቀስ እያልን ሰጠናት። ስምንቱ አምፑል ቢገባ 40 ግራም ነበር፤ ትንፋሽ የሚያቆም መጠን ነው።

ያን ጊዜ ያነቃኝ ስሌት አልነበረም። ለአንዲት እናት በአንድ ጊዜ ስምንት አምፑል ሲሰበር አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ እምቢ አለ። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላም ጉልበቷ ቀስ ብሎ ሲመታ እግሯ ምላሽ መስጠቱን መፈተሽ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 እንዳይወርድ መቁጠር፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ መለካት፣ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔት አልጋው አጠገብ ማኖር አለ። ይህን ተማሪ የሚማረው አልጋ ዳር ከሰው ጋር ቆሞ ነው። ስለ ካላዛር ካነሱም፣ በቻርቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት ማን መዘነው? በዓይን 52 ኪሎ ተብሎ የተገመተ ልጅ ሚዛን ላይ ሲወጣ 43 ቢሆን፣ ስሌቱ መቶ ከመቶ ሆኖ 860 መሆን የነበረበት 1,040 ሚሊግራም ይሆናል።

መምህሩ፦

ሲስተር፣ የነገሩኝ ከብዶኛል፤ ጥያቄውን በሚሊግራም ቀምረን የምንሰጣቸው እኛው ነንና። ይሁን እንጂ ስምንቱ አምፑሎች የሚከሱት የፈተናውን አወጣጥ ነው፤ ማለፊያውን ዝቅ ለማድረግ ምክንያት አይሆኑም። የእርስዎ ዓይን እምቢ ለማለት ስንት ዓመት ፈጀበት? ተማሪዋ ያን ዓይን እስክታገኝ ድረስ ቢያንስ ፐርሰንትን ወደ ሚሊግራም መመለስ ሳትሳሳት ትቻል። ፈተናው ከነጽሑፉ በእውነተኛ አምፑል ይሁን፤ ማለፊያው ግን ከመቶ አይውረድ።

ሲስተሯ፦

በእውነተኛ አምፑል ከሆነ ግማሹን መንገድ መጥተዋል፤ የቀረው ሌላው ግማሽ ነው። ያችን ልጅ ለብቻዋ ወስጄ «ስምንት አምፑል ስትሰብሪ አልጠረጠርሽም?» አልኳት። «ጠርጥሬ ነበር ሲስተር፤ ግን ሙሉ አምጥቼ እንዴት ልጠይቅ ብዬ አፈርኩ» አለችኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መቶ ያመጣ ተማሪ ጥያቄ የሚያሳፍረው ከሆነ፣ ማለፊያው አደጋውን ከወረቀት ወደ ትሪ አዛወረው እንጂ አላስቀረውም።

ስለዚህ ማለፊያዎን የምደግፈው ሁለት ነገር አብሮት ከተጻፈ ነው። ማግኒዥየም፣ ኢንሱሊንና ፖታሲየም ክሎራይድ ሁለት ሰው ለየብቻ አስልቶ መልሱ ካልተገጣጠመ አይሰጡ፤ ይህ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ይሁን። ተማሪ ተጠራጥሮ «ይህን ዶዝ አልሰጥም» ሲል ደግሞ፣ ጥርጣሬው ትክክል ሆኖ ባይገኝ እንኳ ከውጤቱ አንድ ነጥብ አይቀነስበት።