ክርክር፦ የእርዳታ እህል የተኩስ አቁም ውል ላይ ይጻፍ ወይስ ተለይቶ ይሂድ?

ተፋላሚዎች ተኩስ ለማቆም ሲቀመጡ ለተፈናቃዩ የሚሄደው እርዳታ የት ይጻፍ? እዚያው ውሉ ላይ፣ ከወታደር አሰፋፈርና ከእስረኛ ልውውጥ ጎን? ወይስ ተለይቶ፣ ውሉ ቢጸናም ቢፈርስም በራሱ መንገድ ይሂድ? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል። አንዱን «ይጻፍ ባይ»፣ ሌላዋን «ይለይ ባይ» ብለናቸዋል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይጻፍ ባይ፦ ያልተቆጠረ ዕቃ ጎደለ አይባልም። የኔ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ትግራይን እናስታውስ። ማርች 24 ቀን 2022 የፌደራሉ መንግሥት ለሰብዓዊ እርዳታ ሲል ተኩስ ማቆሙን አስታወቀ። የትግራይ ኃይሎችም ተቀበሉ። ኤፕሪል 1 የዓለም ምግብ ፕሮግራም መኪኖች መቀሌ ደረሱ። ከዲሴምበር ወዲህ በመንገድ የገባ የመጀመሪያው እርዳታ ነበር። ጥሩ። ግን በቀን ስንት መኪና ይግባ? በየትኛው መንገድ? ነዳጅስ? ሁለቱ ወገኖች አብረው የፈረሙበት ወረቀት አልነበረም። የነበረው መግለጫ ነው። በመግለጫ የመጣ ነገር ደግሞ በመግለጫ ይሄዳል። ኦገስት 24 ጦርነቱ እንደገና ተነሳ።

ኖቬምበር 2 ፕሪቶሪያ ላይ እርዳታ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ። ኖቬምበር 15 የቀይ መስቀል መኪኖች መቀሌ ገቡ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

የመንን ደግሞ እዩ። ኤፕሪል 2 ቀን 2022 በተባበሩት መንግሥታት አሸማጋይነት ለሁለት ወር ተኩስ ሲቆም፣ ውሉ «እርዳታ ይግባ» ብሎ ብቻ አላለፈም። በሁለቱ ወር 18 ነዳጅ የጫኑ መርከቦች ሆዴይዳ ወደብ ይገባሉ፣ ከሰነዓ በሳምንት ሁለት የንግድ በረራ ይኖራል ብሎ ቆጥሮ ጻፈ። 18 ተብሎ 12 ቢገባ ስድስቱ የት ሄዱ ማለት ይቻላል። «ያልተገደበ ተደራሽነት» የሚባለውን ግን ማን ይቆጥረዋል?

ይለይ ባይ፦ ወንድሜ፣ ቁጥር ከወደዱ ቁጥር ያለበት ውል ላሳይዎ።

ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ጋዛ ላይ ተኩስ ቆመ። ውሉ ላይ በቀን 600 መኪና ተጻፈ። ከነሱ 50ው ነዳጅ የጫኑ። እርስዎ እንዳሉት ተቆጥሮ። በእርግጥም በመጀመሪያዎቹ 42 ቀናት መኪና በብዛት ገባ፤ ይህን አልክድም። የመጀመሪያው ምዕራፍ አልቆ የሚቀጥለው ላይ መስማማት ሲያቅት ግን፣ ማርች 2 እስራኤል መተላለፊያዎቹን ዘጋች። እህልም፣ መድኃኒትም፣ ነዳጅም። 11 ሳምንት ገደማ ምንም አልገባም። ጦርነቱ እንደገና የጀመረው ማርች 18 ነው። ልብ ይበሉ፣ ከቦምቡ በፊት የቆመው ዳቦው ነው።

ለምን? ዳቦው ውሉ ላይ ከእስረኛ ልውውጥ ጋር አንድ ገበታ ላይ ቀርቦ ስለነበር ነው። አንድን ነገር «እኔ ይህን እሰጣለሁ፣ አንተ ያንን ስጠኝ» ብለው ሲጽፉት፣ መከልከያም ይሆናል። እርዳታ ግን ስጦታ አይደለም። በጦርነት ጊዜ ሰላማዊ ሰውን የሚጠብቀው የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አለ። የ1977ቱ ሁለት ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ሰላማዊ ሰውን ማስራብ የጦር ስልት እንዳይሆን ከልክለዋል። የጸጥታው ምክር ቤትም በ2018 በውሳኔ ቁጥር 2417 ይህንኑ አውግዟል። ዕዳን ስጦታ አስመስሎ የሚጽፍ ውል ባለዕዳውን ነው የሚጠቅመው።

የሰላም ውል ሳይጠበቅ የተሠራ ሥራም አለ። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ከ1985 ጀምሮ በዓመት ሦስት ቀን ለሕፃናት ክትባት ሲባል ተኩስ ይቆም ነበር። ከሰላም ድርድር ጋር አላያያዙትም። ክትባቱ ሲያልቅ ይዋጉ ነበር፤ በዓመቱ ደግሞ ያቆማሉ። እስከ 1991 እንዲህ ቀጠለ። በሱዳንም ከ1989 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ከካርቱምና ከደቡብ አማፂዎች ጋር ተስማምቶ፣ ጦርነቱ እየተካሄደ እህል ያደርስ ነበር።

ይጻፍ ባይ፦ እህቴ፣ የሱዳኑን ባያነሱት ይሻልዎት ነበር። ተለይቶ የቆመ እርዳታ ነው አይደል? ታዲያ ፌብሩዋሪ 1998 በባሕር ኤል ጋዛል ረሃብ ሲገባ ካርቱም በረራ ከለከለች። አውሮፕላኖቹ ቆሙ። ሰው ያለቀው በዚያው ዓመት ነው። እርዳታን መለየት ፈቃጁን አያጠፋም። እንዲያውም የሚይዘው የተፈረመ ነገር ስለሌለ ፈቃጁ ይደላዋል።

ሕጉም ቢሆን፣ ያው እርስዎ የጠቀሱት ፕሮቶኮል፣ ባለጉዳዩ መንግሥት ይስማማ ይላል። ሶርያ ላይ ያንን ለማለፍ ተሞከረ። በ2014 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2165፣ ደማስቆ ሳትፈቅድ በአራት የድንበር በሮች እርዳታ ይግባ አለ። አራቱ በ2020 አንድ ሆኑ። በጁላይ 2023 ሩሲያ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን ተጠቀመችና ያም ቀረ። ፈቃጁ ከደማስቆ ወደ ኒውዮርክ ቢሮ ቀየረ፣ በቃ።

ውሉ ሲቀደድ እህሉ አብሮ ይቀደዳል ላሉትም፣ የየመኑ ውል ኦክቶበር 2 ሳይታደስ ቀርቷል። መርከቦቹ ግን መግባታቸውን አላቆሙም። አንዴ የለመደ መንገድ ለመዝጋትም ያሳፍራል።

ይለይ ባይ፦ የ1998ቱን እቀበላለሁ። እዚያ ላይ መልስ የለኝም።

ግን እርስዎ ስለ ፕሪቶሪያ ግማሹን ነው የነገሩን። ያ አንቀጽ የመኪና ቁጥርም የሊትር ቁጥርም የለውም። ስለዚህ በእርስዎ ሚዛን ራሱ ጎደሎ ነው። ከስድስት ወር በኋላ፣ ሰላም ወርዶ፣ መንገድ ተከፍቶ ሳለ፣ ሜይ 2023 ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ዩኤስኤይድ ወደ ትግራይ የሚሄደውን የምግብ እርዳታ አቆሙ። እህሉ ወደ ተፈናቃዩ ሳይሆን ወደ ገበያ እየሄደ ነው ተባለ። ጁን ላይ እገዳው መላ አገሪቱን ያዘ። ተኩስ የለም፣ ውል አለ፣ መኪና ይገባል፤ ተፈናቃዩ ግን ጾሙን ያድራል። መኪና ኬላ ላይ መቁጠር ቀላል ነው። ድንኳኑ ውስጥ የደረሰውን ኪሎ የሚቆጥር አዛዥ ግን አላየሁም።

ሌላም አለ። ውሉን የሚጽፉት አዛዦች ስለሆኑ የሚጽፉት ለራሳቸው እንደሚመች ነው። ፌብሩዋሪ 2014 በሶርያዋ ሆምስ አሮጌው ከተማ፣ እርዳታ ማስገባትና የተከበበውን ሰው ማስወጣት አንድ ላይ ተዋዋሉ። ከ15 እስከ 55 ዓመት ያለ ወንድ ሲወጣ እየተያዘ ተመረመረ። ለዳቦ የተከፈተው በር የመዝገብ ቤት በር ሆነ።

ይጻፍ ባይ፦ የሆምሱ ከባድ ነው። እኔም «ማንም ሲወጣ አይያዝ» የሚል መስመር ነበር የሚያስፈልገው እላለሁ። መጻፍ አነሰ እንጂ አልበዛም።

ስለ ኪሎውም ልክ ነዎት። ግን ነዳጅን እንዲህ በቀላሉ አይለፉት። ሰው ስለ እርዳታ ሲያስብ ዱቄት ነው የሚታየው። ሥራውን የሚያውቅ ግን መጀመሪያ ስለ ቦቴው ይጠይቃል። ከ2022ቱ የትግራይ ተኩስ አቁም በፊት፣ ከጁላይ 12 እስከ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2021፣ ትግራይ ከገቡት 466 የእርዳታ መኪኖች የተመለሱት 38 ብቻ ናቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት ነው ያለው። አንዱ ወገን መመለሻ ነዳጅ የለም አለ። ሌላው ለጦር ተወሰዱ አለ። በ2022ቱ ተኩስ አቁም ጊዜም እህሉ መቀሌ ደርሶ፣ ነዳጅ ስለሌለ ወደ ወረዳ መውጣት ተቸግሮ ነበር። ኦገስት 24፣ ጦርነቱ በተነሳበት በዚያው ቀን፣ ከዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን 570,000 ሊትር ነዳጅ በትግራይ ኃይሎች ተወሰደ፤ የድርጅቱ ኃላፊ ነው የተናገሩት። ለእህል ማድረሻ የመጣ ነዳጅ ነው። ለዚህ ነው ሊትሩ፣ የሚቀመጥበት መጋዘንና ጠባቂው ስም በስም ይጻፍ የምለው።

ይለይ ባይ፦ ስም በስም ቢጻፍ ኖሮ ያን ቀን ማን ይጠብቀው ነበር? ውሉ የሞተው ያን ቀን ነዋ።

የኔ ጭንቀት ያቺ ቀን ናት። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2016 ሶርያ ውስጥ ተኩስ ቆመ። ሴፕቴምበር 19 የሶርያ ጦር ውሉ አብቅቷል አለ። በዚያው ቀን ምሽት ኡሩም አል ኩብራ ላይ፣ ፈቃድ የነበረው የ31 የእርዳታ መኪና ኮንቮይ ከአየር ተደበደበ። ሲነሱ ውል ነበር። ሲያራግፉ አልነበረም። ሾፌሩ ይህን በምን ያውቃል?

ይጻፍ ባይ፦ እንግዲያው አንድ መስመር እንጨምር። በንግድ ውል ላይ የግልግል አንቀጽ ውሉ ቢፈርስም ይጸናል። ይኸኛውም እንደዚያ ይሁን። «ተኩስ አቁሙ ቢያበቃም መንገድ ላይ ያለ መኪና ደርሶ አራግፎ እስኪመለስ፣ ይህ አንቀጽ አይነካም» ይባል።

ይለይ ባይ፦ ማን ይፈርመዋል? ከፈረሙት ደግሞ እኔ የምለው ያው ሆነ። ውሉ ቢፈርስም የማይነካ ነገር ሌላ ወረቀት ነው። ለብቻው ይጻፍ።

ይጻፍ ባይ፦ ወረቀቱ ሁለት ቢሆን አልጣላም። ሊትሩ ግን ይጻፍበት።