ይድረስ ለክቡር አቶ ኢኑመሬት፣ ላቴክ ውስጥ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እስከ እሁድ ጠዋት ድረስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነበርኩ።

እሁድ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። የተሻሻለውን መተዳደሪያ ደንብ «ኮምፒውተር ያውቃል» ተብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወርድ እያለ በላቴክ፣ ጽሑፍን በትእዛዝ በሚያሰናዳው ፕሮግራም፣ ጻፍኩት፤ ጥጋብ ነው። እርስዎ፣ የላቴክ ዝርዝር ቆጣሪው ትእዛዝ፣ ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር ሲገባ ከ1፣ 2፣ 3 ሥር የፈረንጅ ፊደል በቅንፍ ይደረድራሉ። የእድር ደንብ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ ነው የሚለው። ስለዚህ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በኢፍኬዝ፣ ቁጥር ሲሰጡት ከተደረደሩት አንዱን በሚመርጠው ትእዛዝ፣ ደረደርኩልዎ። ሀ ብዬ ብጀምር እርስዎ ለ ብለው ጀመሩ! ለካ ኢፍኬዝ የሚቆጥረው ከ0 ነው፤ ሀ የዜሮ ድርሻ ሆና ቀርታለች። ከፊቷ ባዶ ቦታ ትቼ አስታረቅኳችሁ። ቁልጭ ብሎ ወጣ። 60 ኮፒ አባዛሁ፣ ከኪሴ።

ጸሐፊያችን ቆመው ያነባሉ፦ «ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ አባል በተራ ቁጥር 3... 3 ኤ በተደነገገው መሠረት ይቀጣል።»

ዝም።

ከኋላ አንዲት እናት፦ «ኤ ማን ናት? እድርተኛ ናት?»

ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ገጽ 2ን አገላበጡ፤ 3 ሥር ሀ አለ፣ ኤ የለችም። «ልጄ፣ ይቺን ኤ ፈልገህ ስታገኛት እንሰበሰባለን።» ጉባኤው በሁለት ሳምንት ተራዘመ። ቆሎው ግን ተበላ።

ለካ ከመስመሩ ፊት የሚታየው ሌብል በአንድ ትእዛዝ፣ ሌላ አንቀጽ በማጣቀሻ ሲጠራው የሚመጣው ስም በሌላ ትእዛዝ ነው የሚተዳደሩት። እኔ የለወጥኩት የፊተኛውን ብቻ። በፊት በር ሀ፣ በጓሮ በር ኤ። ኢኑምአይተም የሚባለውን የላቴክ ተጨማሪ ፓኬጅ ብጠራ ሌብሉ ሲለወጥ ማጣቀሻውም ይከተለው ነበር። ይህን ያወቅሁት ሰኞ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለሮማ ቁጥር በትንሹም በትልቁም ቦታ አለዎት። ለግርጌ ማስታወሻ የኮከብና የጩቤ ምልክት የሚቆጥር ትእዛዝ እንኳ እዚያው ቤት አለ። ጩቤ ይቆጠራል፣ ሀ አይቆጠርም? አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሌሊት እየተነሳ ፊደል ሊያስቆጥርህ ነው? የኔታ እንኳ በአለንጋ አንድ ጊዜ ነው ያስተማሩኝ፤ አንተን በየፋይሉ እንደ አዲስ! 40 ዓመት ሙሉ ምን ስትማር ኖርክ?

ይቅርታ፣ እርስዎ።

ሌላውን ቂም አላነሳም። ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር እስከ አምስተኛ ደረጃ ስለምንዎ «በጣም ጠልቋል» ብለው መቆምዎን፣ ፊደልዎ 26 ላይ ማለቁን። አንዴ ብቻ ሳስኬድዎ በማጣቀሻው ቦታ ሁለት የጥያቄ ምልክት አስቀምጠው «ድገም» ማለትዎንስ ለምደነዋል፤ መስኮት 4 ወደ መስኮት 7፣ መስኮት 7 መልሶ ወደ 4 ሲልከን አይደል ያደግነው።

አዲሱ 60 ኮፒ ተባዝቷል። 3ሀ ይላል። እናትየው ግን መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ኤ ደህና ናት?» ይሉኛል።

አክባሪዎ፣
የቀድሞው የእድሩ ኮምፒውተር አዋቂ