«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር ያስቸገረው ሰው ፒያሳም ይሂድ አቶቴ፣ ከጥገና ቤት የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር ያው ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫን። አዲስ ዊንዶውስ ሲፈለግ ፎርማት፣ ሊኑክስ መማር ሲፈለግ ፎርማት፣ ቫይረስ ሲገባ ፎርማት። ከዚያ ወዲያ የጠፋው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ሲዲው የት እንደገባ የማይታወቀው የፕሪንተር ድራይቨር፣ በድሮ ፊደል የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ሲፈለግ ቀናት ያልፋሉ። ባለሙያዎቹን አልወቅስም። ደንበኛው ቶሎና በርካሽ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፣ ፎርማት ደግሞ ቶሎም በርካሽም ያልቃል። እኔ የምሟገተው ግን ለሌላ ልማድ ነው፤ ያለውን ሳያጠፉ ሁለተኛውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስን የመሰለውን የኮምፒውተር ዋና ፕሮግራም) በአንደኛው ውስጥ ማስኬድ። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ይህ ነው።

ጉዳዩን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በዝርዝር የተወሰኑ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። በየቢሮው፣ በየጽሕፈት ቤቱና በየማሠልጠኛው የማያቸው አሮጌ ዴስክቶፖች ይህን አያሟሉም። ስለዚህ በቅርቡ ብዙ ዲስክ ሊታጠብ ነው፤ አብሮ የሚታጠበው ምን እንደሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ግን አላየሁም።

አሠራሩን ላስረዳ። ሃይፐርቫይዘር የተባለ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር፣ ራምና ዲስክ ላይ ቆርሶ ለእንግዳው ሲስተም ይሰጠዋል፤ እንግዳውም ራሱን በቻለ ማሽን ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። በአንድ ግቢ እንዳለ ተከራይ ነው፤ በሩ የራሱ፣ ቆጣሪው የጋራ። ሐሳቡ የቆየ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድን ውድ ማሽን ለብዙ ተጠቃሚ ለማካፈል ሲል ጀመረው፤ በ1972 ደግሞ ቪኤም/370ን ይፋ አደረገ። ቪኤምዌር በ1999 ዎርክስቴሽንን አውጥቶ ነገሩን ወደ ተራው ፒሲ አመጣው። ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 ጀምሮ ለዚሁ የሚያግዝ ችሎታ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ አኖሩ። አሮጌ የምንለው ዴስክቶፕ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ችሎታው አለው፤ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ ውስጥ) ገብቶ የሚከፍትለት ሰው ነው ያጣው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው የሒሳብ ሠራተኞቻችንን ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም በየማሠልጠኛው ለዓመታት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። አምራቹ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከለወጠው ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆንም፣ የስንት ሱቅ፣ ሆቴልና ማኅበር መዝገብ ዛሬም የተቀመጠው በድሮው ፒችትሪ ውስጥ ነው። ያ ቅጂ የተሠራው ለኤክስፒ፣ ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 ዘመን ሲሆን የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እንኳ በ2012 ዓ.ም. ተቋርጧል። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፊት የሚቀርበው ምርጫ ሁለቱም መጥፎ ነው። ወይ ድጋፍ በሌለው ሲስተም ኢንተርኔት እየከፈተች ትቀጥላለች፣ ወይ የዓመታት መዝገቧን ትታ በአዲስ ፕሮግራም ከዜሮ ትጀምራለች።

ሦስተኛ መንገድ አለ። በውጭኛው በኩል ድጋፉ ያልተቋረጠ ሲስተም ይጫናል፤ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነ ለምሳሌ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ሊኑክስ ይሆናል፤ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ኢሜይሉም፣ ቴሌግራሙም፣ የባንኩ ገጽም የሚከፈተው በእሱ ነው። የድሮው ዊንዶውስ ከነፒችትሪው ከውስጥ በቨርቹዋል ማሽን ይቀመጥና የኔትወርክ ካርዱ ከማስተካከያው ላይ ይነሳበታል። ከኢንተርኔት ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ሲስተም ድጋፍ ባይኖረውም አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ሪፖርቱ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ በጋራ ፎልደር ይወጣና ከውጭኛው ሲስተም ይታተማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ትልቅ ጥቅም አለ። የእንግዳው ሲስተም ሙሉ ዲስክ ለውጭኛው ሲስተም አንድ ፋይል ነው። ዊንዶውሱ፣ ፒችትሪው፣ ቁልፉ፣ መዝገቡ ሁሉ በዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ማታ ቨርቹዋል ማሽኑን ዘግቶ ያንን ፋይል ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ማለት ቢሮውን በሙሉ መገልበጥ ማለት ነው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት፣ ዩፒኤስ ደግሞ በሌለበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማሽኑ ቢቃጠል፣ ፋይሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈትና ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል።

በጽሕፈት ቤቶች ያለው ጉዳይ ደግሞ የሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር ወደሚያውቁበት የጋራ መስፈርት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛችን ሲጻፍ የኖረው የላቲን ፊደላትን ቦታ በግዕዝ ቅርጽ በሚተኩ ፎንቶች ነው። እነዚያ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ነው። ውል፣ ኑዛዜ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ መልክ ተቀምጧል። የድሮው ዊንዶውስ፣ የድሮው ዎርድና የድሮው ፎንት አንድ ላይ የሚኖሩበት ቨርቹዋል ማሽን ቢያንስ በየከተማው ቤተ መጻሕፍት አንድ አንድ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ። አለበለዚያ ፋይሉ እያለን ጽሑፉን እናጣለን።

ከደንበኛ እጅ ፍላሽ እየተቀበለ የሚያትም ሰውም ለዚህ ነገር ቅርብ ነው። ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚለውጠውን ቫይረስ የማያውቅ ጽሕፈት ቤት የለም። ፍላሹን በእንግዳው ሲስተም ከፍቶ፣ የሚታተመውን ብቻ ወስዶ፣ ማታ ወደ ንጹሑ ስናፕሾት መመለስ ይቻላል። ስናፕሾት ማለት የሲስተሙ የአንድ ቅጽበት መልክ ተይዞ የሚቆይበት ነው፤ በቀኑ ውስጥ የገባው ሁሉ ሲመለሱ ይጠፋል። ይሁንና ግድግዳው ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኖም የተባለው ጉድለት፣ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስኬደው በኪውኢኤምዩ ፕሮግራም የፍሎፒ መቆጣጠሪያ ኮድ ውስጥ ተገኝቶ ከእንግዳው ሲስተም ወደ ውጭ የመውጣት ዕድል እንደሚሰጥ ታውቆ ነበር። ሃይፐርቫይዘሩን ማደስ፣ የጋራ ፎልደሩንም ሳያስፈልግ አለመክፈት ግድ ነው።

ስለ ተማሪዎች ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ኔትወርኪንግ የሚማር ልጅ ሰርቨርና ደንበኛ ኮምፒውተር በአንድ ላፕቶፕ ላይ አቋቁሞ ማገናኘት ይችላል። በኮምፒውተር ላብራቶሪው ውስጥ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያበላሽ፣ ሊኑክስ ለመሞከር ብሎ የቤተሰቡን ፎቶ ሳያጠፋ ይማራል። የክላውድ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በኢንተርኔት የማከራየት ሥራም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ አማዞን ኢሲ2 የተባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀምር ያከራየው ቨርቹዋል ማሽን ነው።

«ለምን ሁለቱን ጎን ለጎን ጭኜ ስከፍት አልመርጥም?» የሚል አለ። ይህ ዱዋል ቡት የሚባለው ሲሆን ሙሉውን ራምና ግራፊክስ ካርድ ለአንዱ ስለሚሰጥ ለከባድ ቪዲዮ ሥራና ለጌም እሱ ይሻላል። ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ማስነሳት ይጠይቃል፤ ዲስኩ ለሁለቱ ሲከፋፈል (ፓርቲሽን ሲደረግ) የሚፈጠር ስህተት ደግሞ ዳታ ያስበላል። የራም ነገርም እውነት ነው። በ4 ጊጋ ራም ሁለት ሲስተም ማስኬድ ሥቃይ ነው፤ 8 ጊጋ ሲሆን የድሮ ዊንዶውስ በደህና ይሠራል፤ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ዲስክ ቢተካ ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ለጥገና ቤት በተደጋጋሚ የሚከፈለው ገንዘብ ለራምና ለኤስኤስዲ ቢውል እመርጣለሁ። ፕሮግራሙ ራሱ ክፍያ አይጠይቅም። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ሃይፐርቫይዘር መሠረታዊው ክፍሉ ነፃ ነው፣ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኬቪኤም የተባለውን የራሱን ሃይፐርቫይዘር በከርነሉ (በዋና አካሉ) ይዟል፣ ቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ፕሮም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የዊንዶውሱ ፈቃድ ግን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥም ቢሆን ያስፈልጋል።

ለጥገና ባለሙያዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚያቀርበው ዲስክ2ቪኤችዲ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እየሠራ ያለውን ዊንዶውስ እንዳለ ወደ ቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ይገለብጣል፣ ቨርቹዋልቦክስም ያንን ፋይል ይከፍታል። ሲዲው የጠፋ ፒችትሪ እንደገና መጫን ሳያስፈልገው አብሮ ይመጣል። ዊንዶውሱ አዲስ ማሽን መስሎት አክቲቬሽን (ፈቃዱ እንደገና እንዲረጋገጥ) ሊጠይቅ ይችላልና ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፣ ባዶ ውጫዊ ዲስክም ይጠይቃል፤ ዋጋውን ጨምራችሁ አስከፍሉ። የሒሳብ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ሲመጣላችሁ ግን ይህ ቅጂ ተወስዶ፣ በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ዲስኩን አትንኩ።