«ታድላችኋል» ለምትሉን ሁሉ፦ እስቲ ቀኑን አብረን እንቁጠር

ውጭ አገር ትንንሽ ልጆች የሚያስተምር ሰው ለዕረፍት ወደ አገሩ ሊሄድ መሆኑን ሲናገር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ስድስት ሳምንት? ኧረ ታድላችኋል!»

እሺ፣ ቁጭ ብለን እንቁጠረው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። እሱ ግን የልጆቹ ዕረፍት እንጂ የአስተማሪው አይደለም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ክፍል ለማስረከብ 2 ቀን። ትምህርት ሳይጀመር «ለዝግጅት» የሚባለው 5 የሥራ ቀን ከቅዳሜና እሑዱ ጋር 7 ቀን ይበላል። 33 ቀረ። መንገዱ ረጅም ትራንዚት ካለው ሲሄዱ 2፣ ሲመለሱ 2፤ 29። ከዚያ የሰዓት ልዩነቱ። ሰውነት በቀን የሚያስተካክለው በግምት የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው፣ ወደ ምሥራቅ የበረ ደግሞ ይብስበታል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ስድስት ቀን ያህል ሌሊት ጣሪያ ላይ ማፍጠጥ፣ ቀን ሰው እያዋራን ማንቀላፋት ነው። 23። ለጥርስ ሐኪም፣ ለባንክ፣ ለፓስፖርት እድሳት፣ ዓመቱን ሙሉ «ስትመጡ ትጨርሱታላችሁ» ሲባል ለከረመ ወረቀት ሁሉ ቢያንስ 5 ቀን። 18። አሥራ ስምንት! ከእሱም ላይ ዘመድ «አንተ እኮ አስተማሪ ነህ» ብሎ የራሱን ልጆች እንግሊዝኛ እንድናስጠና የሚያስረክበን ሰዓት አልተቀነሰም።

ቀኑ ራሱም ቢሆን ከአገር ቤት ሰው ጋር አይገጥምም። የትምህርት ዘመን በጃፓን በኤፕሪል፣ በደቡብ ኮሪያ በማርች፣ በአውስትራሊያ በጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ይጀምራል። የእኛ ዕረፍት ሲደርስ ወዳጅ ዘመዱ ሥራ ላይ፣ የወንድም የእህት ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ቻይና ውስጥ ደግሞ ከረጅሙ በዓል ከፊሉ ቅዳሜ ወይም እሑድ እየተሠራ ይካካሳል። በሙስሊም አገሮች የኢድ ዕረፍት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል፣ ቁርጡ ቀን ብዙ ቦታ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። ትኬት ደግሞ ጨረቃን አይጠብቅም፤ በቆየ ቁጥር ይወደዳል።

ትኬት ካነሳን አይቀር፣ ኮንትራቱ ላይ «የዓመት ዕረፍት የአውሮፕላን ትኬት በትምህርት ቤቱ» የሚለውን አይቶ የፈረመ ሰው ቀሪውን መስመር አላነበበም ማለት ነው። ትኬቱን የሚቆርጠው ማነው? በራስ ገንዘብ ቆርጦ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የሚመለሰው መቼ ነው፣ ከመሄድ በፊት ወይስ ለአዲሱ ዓመት ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ? የሚከፈለው የትኬት ዋጋ ጣሪያ ስንት ነው? የዕረፍቱ ወር ደመወዝ ይከፈላል ወይስ ኮንትራቱ የ10 ወር ነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳይፈርሙ በፊት በጽሑፍ ያልጠየቀ፣ ሻንጣ ሲያዘጋጅ ይጠይቃቸዋል። ያኔ መልሱ ምንም ይሁን ምን ዋጋ የለውም።

የወረቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ አገር ፓስፖርት ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይጠይቃል። የመኖሪያ ፈቃዱ በዕረፍቱ መሐል የሚያልቅ ከሆነ መውጣት እንጂ መመለስ አይቻልም። አንዳንድ አገር ደግሞ ከመውጣት በፊት የመመለሻ ፈቃድ ይፈለጋል። ፓስፖርቱ ለእድሳት ገብቶ ኢሚግሬሽን ጠረጴዛ ላይ ባለበት ሳምንት ትኬት የቆረጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት መናገር አያስፈልግም። ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ሦስቱንም ቀኖች ጎን ለጎን ጽፎ ማየት ነው፦ የፓስፖርቱን፣ የፈቃዱን፣ የመመለሻውን።

ከሁሉ የከፋው ግን ልጆቹ ወላጅ ፊት መድረክ ላይ የሚወጡበት የዓመት መዝጊያ ዝግጅት ነው! ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ልጅ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። የአራት ዓመት ልጅ የሚፈልገው የለመደውን ነው፦ ጠዋት ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ጨዋታ፣ መክሰስ፣ ደጅ፣ ተረት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ይህ ሁሉ ይሰረዝና ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ልምምድ ይሆናል። ከዚያ መንከስ የተወው ልጅ መንከስ ይጀምራል፣ ሽንት ቤት መጠየቅ የለመደው ሱሪው ላይ ይለቃል፣ እኛ ደግሞ «ልጆቹ ምን ነካቸው?» ተብለን እንጠየቃለን። ምንም አልነካቸው፤ ቀናቸውን ነው የወሰዳችሁባቸው።

በዚህ ላይ «እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይናገር» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ወላጅ የከፈለው ለእንግሊዝኛ ነው እኮ! አዲስ ቋንቋ የሚጀምር ትንሽ ልጅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ እየሰማ የሚያጠራቅምበት የዝምታ ጊዜ አለው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። «ተነሥ፣ በሩን ዝጋ፣ ቀዩን አምጣ» ሲባል በትክክል የሚያደርግ ልጅ ቋንቋው ገብቶታል፣ አፉ ነው ያልደረሰ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር ትእዛዝን በአካል እንቅስቃሴ እያስመለሱ ቋንቋ የማስተማሩን ዘዴ ያመጣው በ1960ዎቹ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ዝም ያለውን ልጅ መድረክ ላይ አውጥተን ማይክ አፉ ላይ እንደቅናለን።

በቀላሉ ሊሠራ ይችል ነበር። አንድ ዘፈን፣ አራት መስመር፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ የእጅ ምልክት። በቀን 10 ደቂቃ ለሦስት ሳምንት፣ ማለትም ለ15 የትምህርት ቀን፣ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ ከአንድ ጠዋት የአዳራሽ ልምምድ ብዙም አይበልጥም፣ ልጁ ግን ይይዘዋል። የተቀዳ ዘፈን ባይከፈት ይመረጣል፤ ልጆቹ አንዴ መስመር ካመለጣቸው ቀረጻው አይጠብቃቸውም፣ አስተማሪ ስትዘፍን ግን ትጠብቃለች። ወለሉ ላይ ለየልጁ የመቆሚያ ምልክት በፕላስተር። ሽንት ቤት ከ15 ደቂቃ በፊት፣ ያውም ልብሱ ሳይለበስ (ከለበሱ በኋላ ጀርባ ላይ የሚቆለፍ የቢራቢሮ ክንፍ የፈታ ያውቀዋል)። እናቱን ሲያይ የሚያለቅሰው ልጅ መሐል አይቆምም፣ ዳር ላይ ከረዳቷ አጠገብ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ክፍል ውስጥ የሚውሉት ናቸው፤ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ግን ቢሮ ነው።

ልምምዱ እያለ ሪፖርት ካርዱም አለ። 20 ልጅ፣ 6 የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ 3 ዓረፍተ ነገር፦ 360 ዓረፍተ ነገር። አንዱ 2 ደቂቃ ቢፈጅ 12 ሰዓት። ከዚያ ለወላጅ ይተረጎማል፣ «ጥሩ አድርጎ ይሞክራል» ብለን የጻፍነው «ጥሩ ነው» ሆኖ ይወጣል፣ በማግሥቱ ወላጅ ልጁ ለምን ከፍተኛ ነጥብ እንዳላገኘ ይጠይቃል። መድኃኒቱ በየሳምንቱ ዓርብ ለአራት ለአራት ልጅ ሁለት መስመር ማስታወሻ መያዝ ነው፤ በአምስት ሳምንት ክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ግን ዓርብ ከሰዓት ስብሰባ አለ።

ከዚያ በሽታው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት የማይዞር ነገር የለም። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ሲገባ በአልኮል ጄል አንመካ፣ በደንብ አይሠራበትም፤ እጅን በሳሙናና በውሃ 20 ሰከንድ ነው። ያስታወከ ልጅም ትውከቱና ተቅማጡ ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት ቤቱ መቆየት አለበት። ዝግጅቱ ሐሙስ ከሆነ ግን ረቡዕ ያስታወከው ልጅ ሐሙስ ክንፉን ለብሶ ይመጣል። ከዚያ አውሮፕላን ውስጥ የምናስታውከው እኛ ነን።

ለልጆቹስ መሄዳችንን ማን ይንገራቸው? በዚህ ዕድሜ «ስድስት ሳምንት» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከወር በፊት የተነገረው ልጅ በየቀኑ «ቲቸር፣ ዛሬ ነው?» ይላል። በመጨረሻው ሰኞ አምስት የወረቀት ቀለበት ሰንሰለት መሥራት፣ በየቀኑ አንድ መቁረጥ፣ ይበቃል። «ትመለሳለች» የሚባለውም የሚቀጥለው ዓመት ኮንትራት ከተፈረመ ብቻ ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ እሱም በዚያው የመጨረሻ ሳምንት ነው የሚሰጠው፣ እስከ ዓርብ ፈርሙ ተብሎ።

ይህ ሁሉ አልፎ በማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን ከሰዓት፣ ልጆቹ ሄደው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሁሉ ተነቅሎ፣ ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ይመጣል። ቤተ መጻሕፍት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል፣ ፋይናንስ፤ አራት ፊርማ። የትኬቱ ገንዘብ የሚለቀቀው አራቱም ሲሞሉ ነው። ግምጃ ቤቱ መዝገቡን ይገልጥና «የልጆች መቀስ 24 ተረክበሻል፣ እዚህ 23 ነው ያለው» ይላል። አውሮፕላኑ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ አስተማሪዋ ግን ወንበር ሥር ተንበርክካ መቀስ ትፈልጋለች።