ቅቤ ለተቀባ ፀጉር ኮንዲሽነር ብቻውን አይበቃም
"ሻምፖን ጨርሳችሁ ተዉት፣ ኮንዲሽነር ይበቃል" የሚለው ለሁሉም ፀጉር አይሠራም። እኔ ስምንት ወር ሞክሬዋለሁ። ፀጉሬ ለስልሶ ነበር፣ እውነት ነው፤ ሳበጥረውም ብዙ አይነቀልም። ግን ቅቤ እቀባለሁ። ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ማጽጃ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ቅቤውን አያነሳውም። ሥሩ ላይ ተጋግሮ ያሳክከኝ ጀመር፣ ፎረፎርም መጣ። "ሻምፖ ፀጉር ያደርቃል" ለምትይ እህቴ፦ በጣም የሚያደርቀው በአብዛኛው ሰልፌት (አረፋ የሚያበዛ ጠንካራ ማጽጃ) ያለበት ነው። የሌለበትን ገዝተሽ የራስ ቆዳሽን ብቻ በጣትሽ ጫፍ በቀስታ እሺው። አረፋው ሲወርድ ጫፉን ያጥበዋል። ከዚያ ኮንዲሽነሩን ከመሃል እስከ ጫፍ ቀቢ። ዳይሜቲኮን (ፀጉርን የሚሸፍን የሲሊኮን ዓይነት) ያለበት ኮንዲሽነር ከሆነማ በውሃ ብቻ አይለቅም፣ ሻምፖ የግድ ነው። እኔ አሁን በሁለት ሳምንት አንዴ በሻምፖ፣ መሃል ላይ በኮንዲሽነር እታጠባለሁ። ማሳከኩም ቀረ።